ለልጅህ ሁሉም ይሸነፍለት ነበር

ለባለቤቴ ለአበራ፣

ከተለያየን ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ጥርም ሊያልቅ ነው። ዓመትህ ገና አልሞላም። ጥቁሩን አላወለቅሁም፣ ነጠላዬም እንደተዘቀዘቀ ነው። ይህን የምጽፍልህ የምነግረው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ነገሩ ያንተ ሥራ ስለሆነ ነው። አንተ ብትኖር ኖሮ እኔ ጋ አይደርስም ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አሁንም አዘዞ፣ አያ ደሴ ግቢ፣ እዚያው ሁለት ክፍል ውስጥ ነን። እናትህ እማሆይ ለለቅሶው እንደመጡ ቀሩ። የደባርቅ መንገድ አንድ ቀን ተከፈተ ሲባል ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ፣ በማግስቱ ተዘጋ ሲባል መልሰው ይፈታሉ። አሁን ማዘጋጀቱንም ትተዋል። እኔ ሚኒባስ ሲኖር ሆስፒታል እሄዳለሁ፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ሳይ እውላለሁ። ሚኒባስ ሳይኖር ግቢ ውስጥ ነኝ። ትምህርት ቤትህ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ባንተ ቦታ ሌላ መምህር አልተቀጠረም።

ተኩስ ሲሰማ አያ ደሴ የግቢውን በር ከውስጥ ይቀረቅሩታል። ያን ቀን ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። ልጆቹ ሳይነገራቸው ሮጠው ግድግዳ ሥር ይተኛሉ። አንተ በፊሽካ «ቁም» ስትላቸው እንኳ እንዲህ ፈጥነው አልታዘዙህም። ድምፁ ሲያባራ ተነሥተው አቧራቸውን ያራግፉና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጥምቀትንም ዘንድሮ እዚሁ ሆነን በድምፅ ማጉያ ነው የሰማነው።

ግቢውን ታውቀዋለህ፤ ከበሩ እስከ ውኃው ሮቶ ድረስ ያለው ነው ሜዳቸው። ስምንት ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ እዚያች ላይ ይሽከረከራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ያንተ ነው።

ሚኪን ላነሣ ነው። ልጅህ ሰው መማታት ጀመረ።

ድሮም ቁጡ እንደነበር አልረሳሁም። አምስት ዓመቱ ሳለ ኳስ ስለተነጠቀ የጎረቤት ልጅ ጆሮ ነክሷል። አንተ አልገረፍከውም። እኔ ቀበቶ ስፈልግ አንተ ውጭ አውጥተህ በአንድ እግር ታዘልለው ጀመር። «ልብህ ሲመታ እጅህን ኪስህ ክተት» ትለው ነበር። ያን ጊዜ ለስፖርት መምህር ሁሉም ነገር ስፖርት ይመስለዋል ብዬ ስቄብሃለሁ።

ከሆስፒታል ስመለስ ሜዳህ ዳር ቆሜ እጠብቅህ ነበር። ለአንድ ክፍል ልጅ አንድ ኳስ ነበረችህ። ሌሎቹ መምህራን ርእሰ መምህሩን ኳስ ጠይቅ ሲሉህ አንተ እሺ ትልና አትጠይቅም። «ኳስ ቢበዛላቸው ተራ መጠበቅን የት ይማሩታል?» አልከኝ አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ። ሁለት የሚደባደቡ ልጆች ሲመጡልህ ደግሞ የአንዱን ቀኝ እግር ከሌላው ግራ እግር ጋር በራስህ ሻርፕ ታስርና ቧንቧው ድረስ ሄደው ውኃ እንዲያመጡ ትልካቸዋለህ። አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ሜዳው መሀል ወድቀው፣ አንዱ ሌላውን በእናቱ ሲሰድብ፣ ተነሥተው ደግመው ሲወድቁ አይቻለሁ። ሲመለሱ ግን «ቀኝ፣ ግራ» እየተባባሉ ነበር። ውኃው ግማሹ ፈስሷል። አንተ ሻርፑን ፈትተህ አንገትህ ላይ ጠመጠምከው።

አንተ ራስህ ግን መሸነፍ አታውቅም ነበር። ፒያሳ ከረንቡላ ተሸንፈህ የመጣህ ቀን እራት አትበላም። ዱላው ጠማማ ነው፣ ጠረጴዛው ያዘነበለ ነው ትላለህ። እናትህ «ይህ ልጅ ከሕፃንነቱም እንዲህ ነው» ሲሉ ትቆጣለህ። ለልጆቹ የምታስተምረው ያልተዋጣልህን ነገር ነበር። ጥሩ ያስተማርከውም ለዚህ ይመስለኛል።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሚኪ ማሸነፍ ጀመረ። ሩጫ ያሸንፋል፣ ብይ ያሸንፋል፣ ድብብቆሽ ሲጫወቱ እሱን የሚያገኘው የለም። ማታ ሲገባ «ዛሬም አሸነፍኩ» ይለኛል። እኔም በዚህች ደስ እሰኝ ነበር፤ የአባቱ እግር ወጥቶለታል እል ነበር። እሱ ግን ሲነግረኝ አይስቅም። ከሳምንት ሳምንት ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ዕቃ መወርወር፣ እናትህን አፍ አፋቸውን ማለት፣ የበሩን ቆርቆሮ መርገጥ አመጣ። ሐዘን ነው አልን። ሐዘን ነው ያልተባለ ምን አለ።

ጥቅምት ላይ አንጓች መጣች። የአያ ደሴ የልጅ ልጅ ናት። ኮላ ድባ ትምህርት ሲቋረጥ እናቷ እህል ከጫነ መኪና ጋር ላከቻት። አሥር ዓመቷ ነው፤ እግሯ ረጅም፣ ምላሷም ረጅም ነው። በመጣች በሁለተኛው ቀን ከልጆቹ ጋር ከበሩ እስከ ሮቶው ተሽቀዳደመች። ሌሎቹ መሀል ላይ ቀዘቀዙ። እሷ አልቀዘቀዘችም። ሚኪ ሲደርስ ሮቶውን ተደግፋ ቆማለች።

«ምነው ዘገየህ?» አለችው። «እኔ እኮ ውኃ ጠጥቼ ጨረስኩ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሚኪ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣ። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ፤ እስክጮህ እንኳ አልጠበቀኝም። ቅንድቧን ነው ያገኛት። ባጃጅ አልነበረም። አያ ደሴ በዚያ ዕድሜያቸው በጀርባቸው አዝለው ጤና ጣቢያ አደረሷት፣ እኔ ነጠላዬን ግንባሯ ላይ ይዤ ከጎናቸው ሮጥሁ። ተሰፋች። ዓይኗ ተረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ። አያ ደሴ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ እናትህ በራችን ላይ፣ እኛ ቆመን። ሚኪን ለምን እንዳደረገው ጠየቁት። የመለሰችው የጎረቤታችን የሰናይት ልጅ ሩት ናት፣ ያቺ ሰባት ዓመቷ።

«ሚኪ እንዲያሸንፍ ማሚ ነግራናለች» አለች። «አንጓች ናት ያልተነገራት።»

ሰናይት ልጇን ቆንጠጥ አደረገቻት። ሩት ግን ቀጠለች። «እንዴ፣ የሁሉም እናት ነግራለች እኮ። እኔ ብይ አስገብቼ አላስገባሁም ብያለሁ።»

ሰናይት «የሙት ልጅ ነው» አለች፣ እኔን ሳታየኝ። «ደጃችን ላይ ቢያለቅስ ዕንባው አይለቀንም ብለን ነው። ክፉ አስበን አይደለም።» ሌሎቹም አንድ በአንድ አመኑ። አያ ደሴ ሳይቀሩ ዳማ ሲጫወቱ ጠጠራቸውን ሆን ብለው ያስበሉ እንደነበር ተናገሩ። እናትህ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ደግ አደረጋችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ» አሉ።

ልቆጣ ፈለግሁ፣ ማንን እንደምቆጣ አጣሁ። የአንድ ግቢ ሰው ተስማምቶ ለልጄ ደግ ሆኗል። ግን ልጆቹን አየኋቸው። ሚኪን የሚያዩት ጓደኛ እንደሚታይ አልነበረም። አንተ ከሞትክ ጀምሮ ልጅህ ከማንም ጋር አልተጫወተም፤ ያገለግሉት ነበር። እሱም ሳያውቀው አልቀረም። የሚሮጥ ልጅ አጠገቡ ያለው እየሮጠ ይሁን እያስመሰለ እግሩ ይነግረዋል።

አያ ደሴ ሁሉም እስኪጨርስ ጠበቁ። «ልጄ» አሉኝ፣ «አበራ ሸጋ ሰው ነበር፤ ለሱ ስል ብዙ እችላለሁ። ይቺ ግን የአደራ ልጅ ናት። ሁለተኛ እጁን ካነሣ ሌላ ቤት ፈልጊ።»

ሌላ ቤት የት እንዳለ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ከተማው ከየወረዳው ሸሽቶ በመጣ ሰው ሞልቷል። ደባርቅ እናቴ ጋ እንዳልሄድ መንገድ የለም፤ አንተንም ታመህ ሪፈር ተጽፎልህ መንገድ ይከፈታል እያልን ስንጠብቅ ነው ያጣንህ። አንድ ድንጋይ፣ አንድ ቡጢ፣ ከዚያ ሕፃንና መነኩሲት ይዤ አዘዞ መንገድ ዳር ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የሚኪን እጅ ሳላይ ማደር አልቻልሁም። ማንኪያ ሲያነሣም እጁን አያለሁ።

እናቶቹ ልጆቻቸውን ከሚኪ ለዩ። እሱ ሲወጣ እነሱ ይገባሉ። ስለዚህ አስገባሁት። ግቢው ጠቦን ነበር፣ አሁን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ተዘጋን። ግድግዳውን ይረግጣል፤ ማዶ ሰናይት ትሰማለች።

እናትህ በራሳቸው መንገድ ሊረዱት ሞከሩ። ሥጋውን ድካም ነው የሚገራው ብለው ጠዋት ጠዋት ከጎናቸው አቁመው ያሰግዱት ጀመር። እውነትም ለጥቂት ቀን በረደ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ፣ ቀስ ብሎ መነሣት ነውና ሰውነት ያርፋል፤ አንተም ብታየው የምትወደው ይመስለኛል። ከዚያ አንድ ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ «እማሆይን በለጥኳት!» እያለ ወጣ። ለካ ሲቆጥር ከርሟል። እሳቸው በዝግታ አንድ ሲሰግዱ እሱ ሁለት ይሰግዳል። እናትህ መቋሚያቸውን ይዘው ምንጣፉ ላይ ቀሩ። «ከእግዚአብሔር ፊት እሽቅድድም» አሉ። ዳግመኛ አልጠሩትም። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ሳቅሁ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው።

ያን ቀን ነው ራሴ አብሬው ልጫወት የወሰንኩት። ሌላ ሰው አልነበረውም። የማውቀው ከሜዳህ ዳር ቆሜ ያየሁትን ብቻ ነው። የመረጥኩት እጅ ደረት ላይ አጣምሮ፣ በአንድ እግር እየዘለሉ በትከሻ መገፋፋቱን ነው፤ እግሩን መሬት ያሳረፈ ይሸነፋል። ይህን የመረጥኩት እጁ የታሰረ ስለሚሆን ነው። ሕግህንም አስታወስሁ፤ የሚቀጥለውን ጨዋታ የሚመርጠው የተሸነፈው ነው። ክፍሉ ስለማይበቃን ግቢው መሀል ወጣን፣ በጠራራ ፀሐይ። ጥቁር ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጉጬ ዘለልሁ። በየበሩ ሰው ወጣ።

አሸነፍኩት። ሦስት ዝላይ አልቆየም።

«አይቆጠርም» አለ። ደገምን፣ ደግሜ አሸነፍኩት። ባልዲውን ረገጠው፣ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ጩኸቱ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። እናትህ ከበሩ ላይ ሆነው ሁሉም እየሰማ ተናገሩኝ።

«ዓመቱ ሳይወጣ ትዘያለሽ? ይሁን። የሙት ልጅ ታስለቅሻለሽ?»

«የሞተው አባቱ ነው፣ እማሆይ» አልኳቸው። «እሱ አልሞተም።»

በእናትህ ላይ ቃል መልሼ አላውቅም ነበር፣ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። ሽሮውን አቀርባለሁ፣ ይበላሉ፣ ጸሎታቸውን ከወትሮው ጮክ አድርገው ይደግማሉ። በዚያች ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው፣ ከሁለቱ ጋር ተጣልቼ፣ በሩም ተቀርቅሮ።

ግን አላቆምኩም። ከሥራ ስመጣ፣ ሥራ በሌለበት ቀን ጠዋትም ከሰዓትም፣ እንወጣለን። እየተሸነፈ ያለቅሳል፣ እያለቀሰ ቀጣዩን ይመርጣል። መጀመሪያ የሚመርጠው ያንኑ ነበር፣ ሊበቀለኝ። ከዚያ ገመድ መዝለል መረጠ፤ እኔ ቀሚስ ጠልፎኝ ወደቅሁ፣ ክርኔ ተላጠ። ሳቀ። ሩት በበሩ ስንጥቅ እያየች ኖሮ እሷም ሳቀች። ሰናይት «ግቢ!» ስትላት ሰማሁ፣ ድምጿ ግን አልጠነከረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአንድ እግር ስንገፋፋ ሚዛኔን አሳተኝ፣ እግሬ መሬት አረፈ። እንደ ወትሮው «አሸነፍኩ» ብሎ አልጮኸም። ቆሞ አየኝ።

«ለቅቀሽልኝ ነው?»

«አይደለም።»

«በአባዬ ሞት?»

«በአባትህ ሞት አልለቀቅሁልህም።»

ፊቴን መረመረው። ከዚያ ጥርሱ ታየ። አበራ፣ ልጁ ለካ ዘጠኝ ወር ሙሉ አሸንፎ አያውቅም ነበር።

አንጓችን ያመጣት መሰልቸት ነው። በሩ ለብዙ ቀን ተቀርቅሮ በከረመበት ሰሞን፣ እኛ ስንጫወት ከአያቷ ዱካ አጠገብ ቆማ ታይ ነበር። ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ ፀጉር አልበቀለባትም። «እኔም ልግባ» አለች። አያ ደሴን አየሁ። እሳቸው ሚኪን አዩ። ሰናይት ከበሯ ወጣች፣ ሌሎቹም ወጡ። ልከለክል እችል ነበር። ከልክዬ እስከ መቼ እንደምይዘው አሰብኩና ከመሀል ወጣሁ።

ሁለቱ እጃቸውን አጣምረው ገቡ። አንጓች አልራራችለትም፤ መራራት የነገራትም የለም። ሚኪ ዞር ዞር እያለ ሸሻት፣ አንድ ጊዜ ሊጥላት ደረሰ። ከዚያ በትከሻዋ አንድ ጊዜ መታችው፣ በአፍጢሙ ተደፋ።

ሲነሣ እጁ ተጨብጧል። ከእግሩ ሥር ጠጠር አለ፣ እኔ አየሁት፣ አያ ደሴም ከዱካቸው ተነሡ። እኔ አልሮጥሁም። ብሮጥና ብይዘው እጁን የያዝኩት እኔ እሆናለሁ፣ እሱ አይሆንም። ግን ሌሊቱን የት እንደምናድር እያሰብኩ ነበር።

ሚኪ መሬት ቁጭ አለ። ጉልበቱን አቅፎ አለቀሰ። እንደዚያ ቀን ያለ ጩኸት አልነበረም፣ ዝም ብሎ የልጅ ልቅሶ። ሰናይት አላስቻላትም፣ ልታነሣው መጣች። እናትህ መቋሚያቸውን ዘርግተው መንገዷን ዘጉባት።

«ተዪው» አሏት። «ያልቅስ።»

አንጓች ግራ ገባት። «ምነው ታለቅሳለህ? የምትመርጠው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሚኪ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ገመድ ጉተታ» አለ። «እና አንቺ በእኔ በኩል ነሽ።»

ልጆቹ እናቶቻቸውን አላስፈቀዱም። ገመዱ ሲመጣ ስምንቱም እዚያ ነበሩ፣ ከአንጓች ጋር ዘጠኝ። የሚኪ ወገን ተሸነፈ። የአንጓች ጥፋት ነው ብሎ ተከራከራት፣ እሷም ያንተ ነው አለችው፣ በአፋቸው ብቻ። እናትህ ማታ «ሽሮው ጨው አንሶታል» አሉኝ። ታረቅን ማለት ነው።

አያ ደሴ ስለ ቤቱ ነገር አላነሡም። ከሳምንት በኋላ በራችን ላይ ቆመው ግድግዳውን በጣታቸው ፈቀፈቁና «በሩ ሲከፈት ኖራ አስመጣለሁ፤ ለፋሲካ የናንተንም እናስቀባለን» ብለው ሄዱ።

ሌላው እንዳለ ነው። መንገዱ አልተከፈተም። ሙት ዓመትህን ደባርቅ ዘመድ መሀል ለማውጣት አስበን ነበር፣ እዚሁ አዘዞ ይሆናል፤ እናቴ አትደርስም። እኔ ትናንትም ዛሬም ከግቢው አልወጣሁም። በሩን ሳየው ፊቴን አዞራለሁ፣ ውሸት አልነግርህም። የጥቁሩ ልብስ ቀን ሲያልቅም በነጩ የት እንደምሄድ አላውቅም።

አልረሳህም። ፎቶህን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል፣ እናትህ ያነጋግሩታል፤ እኔ ግን በፎቶ አይደለም የማስታውስህ። ከሥራ ስመጣ ጫማዬን ቀይሬ ግቢው መሀል እገባለሁ፣ ልጆቹ ይጠብቁኛል። አቅሜ እስካለ ድረስ እንዲህ አስታውስሃለሁ፤ አቅሜ ሲያልቅ ደግሞ ዳር ተቀምጬ እዳኛለሁ።

ሚኪ ዛሬ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል። እራቱን በልቶ ተኝቷል።

ባለቤትህ